ብድግ ያላለችው ልጅ

ሰው ቅጽል ስም የሚወጣለት ከልማዱ ነው። ጡረታ የወጡትን ርእሰ መምህር እናታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራቸው ከቤተሰባቸው በቀር ማንም የለም፤ ለሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ብድግ» ናቸው። ባስተማሩበት ዘመን ክፍል ሲገቡ በሩ ላይ ቆም ብለው «ብድግ» ይሉ ነበርና ነው። ተማሪው በሙሉ ይነሳል፤ እሳቸውም ከፊት እስከ ኋላ ዓይናቸውን አዙረው ያልተነሳ አለመኖሩን ሲያረጋግጡ ብቻ «ተቀመጡ» ይላሉ። ስሙን ያወጡት ተማሪዎች ዛሬ ራሳቸው የልጅ አባት ሆነዋል፤ ስሙ ግን ከጋሽ ብድግ ጋር ቀረ። ሲጠሩበት ያልሰሙ ይመስላሉ እንጂ በልባቸው ይወዱታል።

ያን ዕለት ጠዋት ወደ ጸጉር አስተካካዩ ሱቅ የሄዱት ጢማቸውን ለመላጨት ብቻ አልነበረም። ቁጣቸውን የሚያራግፉበት ጆሮም ፈልገው ነበር። ከዚያ በቀጥታ የሚሄዱት ወደ አየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ማሰልጠኛ ነው፤ እዚያም ለእህታቸው ልጅ የገቡትን ዋስትና ሊያነሱ ቆርጠዋል። ማሰልጠኛው ዋስ የሌለው ሰልጣኝ አይቀበልም። ልጅቱ እናቷን በሕፃንነቷ ካጣች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ዋስ የሚሆናት ዘመድም የላትም። እሳቸው ዋስትናቸውን ካነሱ የልጅቱ ትምህርት በዚያው ያበቃል። ይህን ስለሚያውቁ ነው ሌሊቱን ሲገላበጡ ያደሩት።

«ትናንት የምሳ ዕቃዋን ረስታ ሄዳ ኖሮ ላደርስላት ሄድኩ» አሉ፣ ግማሽ ፊታቸው በአረፋ ተሸፍኖ። «ዘበኛው ተማሪዬ ነበር፤ ገና ሲያየኝ ብድግ ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ሰው ማለት እንዲህ ነው። የሷን ክፍል ከፍቼ ስገባ ግን ያቺ ጉድ ዞራም አላየችኝ። እንደምን ዋልሽ አልኩ። ዝም። ደግሜ አልኩ። ያን ጊዜ ፊቷን ሳታዞር መዳፏን እንዲህ ዘረጋችብኝ።» እጃቸውን ከለበሱት ጨርቅ ስር ለማውጣት ታገሉ። «እጅ ትነሳኛለች ስል እጅ አነሳችብኝ።»

ጸጉር አስተካካዩ ልጅቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃታል። ድመት እንኳ «ሂጅ» ብላ የማታባርር ልጅ መሆኗን እያሰበ፣ እንዴት ሆኖ፣ አለ።

«እኔም እሱን ነው የምለው። ባለፈው ወር በዚያ ሳልፍ ገባ ብዬ ነበር። ያን ጊዜማ ከወንበሯ ተነስታ፣ ያን የጆሮ ማዳመጫ ከራሷ አውልቃ፣ ጎንበስ ብላ ነው የተቀበለችኝ። አየህ፣ አሳድጌያት ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ምን እንዳስተማሯት እንጃ።»

ይህን እያወሩ አንድ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ገባና በመስታወቱ ውስጥ ፊታቸውን ሲያይ «ጋሼ» አለ። ጋሽ ብድግ ሰላም ተብለው ተቀምጠው መቅረት አይሆንላቸውም፤ አረፋቸውን እንደያዙ ሊነሱ ሲሉ ጸጉር አስተካካዩ ትከሻቸውን ጫን አደረገና ምላጭ ነው የያዝኩት አላቸው። እሱ ራሱም ለገባው ሰው መልስ አልሰጠም። ከአገጫቸው ስር የጀመረውን ጨርሶ፣ ምላጩን ከፊታቸው ካራቀ በኋላ ነው ዞሮ እንኳን ደህና መጣህ ያለው። የገባውም ሰው አልተቀየመ፣ ጋሽ ብድግም ነገሩን ልብ አላሉትም። እኛ ግን ልብ እንበለው።

እንግዳው ተራውን ሊጠብቅ ግድግዳው ጋ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ብድግም አዲስ ጆሮ በማግኘታቸው ታሪኩን ከመነሻው ጀመሩለት። ዘበኛው እንደገና ተነሳ፣ በሩ እንደገና ተከፈተ፣ መዳፉ እንደገና ተዘረጋ። ሰውየው እስኪጨርሱ አዳምጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ያቺ ልጅ የኔ ሰልጣኝ ናት። መዳፏን ዘርግታ ዝም እንድትል ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። የሚቀየሙ ከሆነ በእኔ ይቀየሙ።»

ጸጉር አስተካካዩ ንጹሑን ብሩሽ እንደገና ማጠብ ጀመረ።

«አንተ?» አሉ ጋሽ ብድግ። «በእኔ እጅ የተማርከው?»

«በእርስዎ እጅ የተማርኩት።»

«እንግዲያውስ ስማኝ። ሰው ሲገባ ተነሱ ያልኳችሁ ለራሴ ክብር ፈልጌ አልነበረም። መነሳት ማለት፣ ሰው መጣ፣ አየሁት፣ ማለት ነው። ዛሬ ለገባው የማይነሳ ነገ የወደቀውን አያነሳም። በሰላምታ የጀመረ ንቀት የት እንደሚያልቅ ታውቃለህ? ጎረቤት ሞቶ እስኪቀበር ሳይሰማ ይቀራል። ታዲያ ተቆጣጣሪ ትሁን ብዬ ልጄን ደንጊያ አድርጋችሁ ትመልሱልኝ?»

አሰልጣኙ ይህን አልተከራከረም። እውነት ነበርና። እውነትን ከሚናገር ሰው ጋር መከራከር ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ትክክል ባልሆነበት በኩል ለመድረስ ትክክል በሆነበት በኩል ዞሮ መሄድ ይጠይቃል።

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለ። «ግን ሁለት እንግዳ ባንድ ጊዜ ቢመጣብዎ፣ አንዱ በር ላይ ቆሞ መጠበቅ የሚችል፣ ሌላው ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ እጅዎን የያዘ ቢሆን፣ ለማን ይነሳሉ?»

«ክፍሉ ውስጥ ከሷ በቀር ማንም አልነበረም።»

«አይታዩም እንጂ ሞልተው ነበር። የመጡት ደግሞ ከእርስዎ በፊት ነው።»

ከዚያም ነገሩን ከሥሩ አስረዳቸው። ሰልጣኟ ፊት ባለው ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሰው እያንዳንዱ ነጥብ አንድ አውሮፕላን ነው። ለልምምዱ ሲባል ነጥቦቹ የውሸት ናቸው፤ አብራሪ ሆነው የሚያናግሯትም በሚቀጥለው ክፍል የተቀመጡ የማሰልጠኛው ሰዎች ናቸው። ነገ ግን ነጥቡ ውስጥ ሰው አለ። ተቆጣጣሪዋ ለአብራሪው ከፍታ ትሰጠዋለች፤ አብራሪው የሰማውን መልሶ ይነግራታል፤ እሷም የመለሰውን ሰምታ ልክ መሆኑን ታረጋግጣለች። የሥራው ክብደት ያለው እዚህች መጨረሻዋ ላይ ነው። አብራሪው ተሳስቶ ሲመልስ እሷ ዝም ብትል፣ ዝምታ ስምምነት ነውና በተሳሳተው ከፍታ ይሄዳል።

ጸጉር አስተካካዩ ይህኔ ጣልቃ ገባ። «እንደ ምላጭ በሉት ጋሼ። እኔም ምላጩ አንገት ላይ እያለ ለማንም አልዞርም።»

«ምላጭ ይታያል» አሉ ጋሽ ብድግ። «የሷ ምላጭ የታለ? እንደምን ዋሉ ለማለት ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል እንኳ አይፈጅም።»

«ጊዜው አይደለም ጋሼ» አለ አሰልጣኙ። «ጆሮ ሁለት ቢሆንም ልብ አንድ ነው። ሰው ሐሳቡ ለሁለት ሲከፈል የተባለውን ሳይሆን የጠበቀውን ነው የሚሰማው። ሰባት ሺህ ጫማ ብላ የተናገረች ልጅ መልሱ ሰባት ሺህ እንደሚሆን ትጠብቃለች፤ አብራሪው ሌላ ቢል እንኳ በግማሽ ልቧ የምትሰማው የራሷን ቃል ነው። በዚያች ቅጽበት ለእርስዎ ከተነሳች፣ ለነሱ ተቀምጣለች።»

«እሺ፣ ሰማች እንበል። ተሳስተሃል ትለዋለቻ። ምን ይቸግራል?»

«እሱ ነው ትልቁ ችግር። ልጆቻችን ታላቅ ሰው ሲሳሳት አንገት መድፋት ነው የለመዱት። የአብራሪው ድምፅ ጎርነን ካለማ ‹እሱ ያውቃል› ብለው ይተዉታል። አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ ማለትም ድፍረት ይመስላቸዋል።»

«ድፍረት ነዋ» አሉ ጋሽ ብድግ።

አሰልጣኙ ፈገግ አለ። ዛሬ ልጅቱ ባለፈው ወር የወደቀችበትን ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ እንደምትፈተን ነገራቸው። ዋስትናቸውን ከማንሳታቸው በፊት ከአብራሪዎቹ ክፍል ገብተው እንዲያዩ ለመናቸው።

«መውደቋን አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ብድግ። «ሐሳቧን ስለማትሰበስብ ነው። ያኔውኑ ቁጭ አድርጌ መክሬያታለሁ።»

አሰልጣኙ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ ተወው። ጸጉሩን ሳይቆረጥ ተነሳና ተያይዘው ወጡ።

ዘበኛው ጋሽ ብድግን ሲያይ እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ በሩን ከፈተ። ከውስጥ ረጅም ኮሪደር አለ፤ ከልጅቱ ክፍል በር በላይ ቀይ መብራት ተሰቅሏል። ትናንት ጋሽ ብድግ ይህን መብራት አይተውት ነበር። በጠራራ ፀሐይ መብራት ሳያጠፉ የሚተዉ ሰዎች ምን ያስተምራሉ ብለው ተናደው ነው ያለፉት። አሰልጣኙ አሁን እንደነገራቸው ግን፣ መብራቱ ሲበራ ማንም እንዳይገባ ማለት ነበር። ዘበኛውም ይህን ያውቃል፤ ግን ርእሰ መምህሩን ወዴት ነዎት ብሎ ይጠይቅ?

የአብራሪዎቹ ክፍል ጠባብ ነው። አንዱ ሹራቡን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እግሩን ወንበር ስር አጣጥፎ ትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን ያበራል። ከፊታቸው ባለው መስታወት በኩል የልጅቱ ጀርባ ይታያል፤ በወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ትከሻዋ አይነቃነቅም። አሰልጣኙ ለጋሽ ብድግ የጆሮ ማዳመጫ አደረገላቸውና ሥራቸውን ነገራቸው። ወደ ሰባት ሺህ ውረድ ስትላቸው፣ ወደ ስድስት ሺህ እወርዳለሁ ብለው ይመልሳሉ። በስድስት ሺህ ላይ ሌላ አውሮፕላን እያቋረጠ ነው። ልክ በዚያን ሰዓት የማሰልጠኛው ኃላፊ ሆን ብለው ከልጅቱ ኋላ ገብተው ሰላም ይሏታል።

«ኃላፊው ደግሞ ለምን ይገባሉ?»

«ባለፈው ወር የወደቀችው እንዲህ ሆኖ ስለነበረ ነው። አብራሪው ሲመልስ ሰው ገባባት። እኛ ያላሰብነው፣ በፈተናው ውስጥ ያልነበረ ሰው። ተነስታ፣ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ ሰላም አለች። ስሕተቱን አልሰማችም። ሁለቱ ነጥቦች አንድ ላይ ሆኑ።»

«ማን ነበር የገባው?»

አሰልጣኙ የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ ማስተካከል ያዘ። «እሷ ስም አልጠራችም። ጥፋቱ የኔ ነው ነው ያለችው።»

ጋሽ ብድግ ያን ቀን የተቀበለቻቸውን አቀባበል አስታወሱ። ጎንበስ ማለቷን፣ ፈገግታዋን፣ እሳቸውም በኩራት ለጎረቤቱ ሁሉ ማውራታቸውን። ከዚያም በዚያው ሳምንት አንገቷን ደፍታ ስትገባ «ሐሳብሽን አትሰበስቢም» ብለው ማታውን ሙሉ መምከራቸውን። አፈሩ። ማፈር ብቻ አልነበረም፣ ፍርሃትም ነበረበት። እንዲህ ወዷት ያሳደጋት ሰው በገዛ ፍቅሩ ሊጥላት ይችል ኖሯል።

ለማዘን ጊዜ አልሰጧቸውም። አሰልጣኙ ከጀርባዎ ብዙ መንገደኛ እንዳለ ያስቡ አላቸው። እንዴት ያሉ ናቸው ብለው ሲጠይቁት እርስዎ ይወስኑ አለ። ጋሽ ብድግ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ በረድፍ ተቀምጦ የሚያውቁት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑን በተማሪዎቻቸው ሞሉት። ከፊት አጫጭሮቹ፣ ከኋላ ረጃጅሞቹና ረባሾቹ፣ በመስኮቱ በኩል ያ ሁልጊዜ የሚያንቀላፋው።

ከዚያ ድምፅዋ መጣ። ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ስትናገር ሰምተው አያውቁም፤ አጭር፣ የረጋ ድምፅ ነው። ወደ ሰባት ሺህ እንዲወርዱ አዘዘቻቸው። ወዲያው ከኋላዋ በሩ ተከፈተና ሸበቶው ኃላፊ ገቡ። ሰላም ሲሏት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ ከጎን ታየ።

ጋሽ ብድግ በዕድሜያቸው ስንት ጊዜ ተነሱ እንዳሉ ቤቱ ይቁጠረው። አትነሺ ብለው በልባቸው የለመኑት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

«ወደ ስድስት ሺህ እወርዳለሁ» አሉ። ሳያስቡት የወጣው ያ የክፍል ድምፃቸው ነበር፤ ጎርናናው፣ ተማሪ ሁሉ የሚንቀጠቀጥለት።

የልጅቱ መዳፍ ወደ ኃላፊው ተዘረጋ። ፊቷን አላዞረችም። ትከሻዋ ግን ድንገት ከፍ ሲል አዩ፤ ድምፁን ለይታዋለች። ይህቺ ልጅ በቤታቸው «አይደለም» ብላቸው አታውቅም። አንዴ ለእንግዳ የምትማርበትን ክፍል አሳስተው ቢናገሩ፣ እንግዳው በመጣ ቁጥር ዓመቱን ሙሉ በዚያ ዝቅ ባለው ክፍል እንደምትማር ሆና ከርማለች።

«አይደለም» አለች። «ስድስት ሺህ አይደለም፤ ሰባት ሺህ። ይድገሙልኝ።»

ጋሽ ብድግ እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «ሰባት ሺህ» አሉ። ቃሉ ትክክል ነበር። ከታቻቸው ያለችው ነጥብ በሰላም አልፋ ሄደች።

ፈተናው እስኪያልቅ በዚያ ክፍል መቀመጥ አልቻሉም። ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ከቀዩ መብራት ስር ቆሙ። የሚያልፍ የሚያገድመው ወንበር ቢያመጣላቸውም አይሆንም አሉ። ስንቱን ትውልድ ያስነሱ ሰው መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ቆመው ጠበቁ። ሲጠፋ ልጅቱ ወጣች፤ አየቻቸውና እንደ ጥንቱ ጎንበስ አለች።

«ድምፄን አውቀሽዋል?» አሏት።

«ገና ሲጀምሩ ነው ያወቅኩት፣ ጋሼ።»

«አልፈራሽም?»

«ፈርቻለሁ። ግን ከታችዎ ሌላ አውሮፕላን ነበረ።»

«ባለፈው ወር ለምን አልነገርሽኝም? ጋሼ እርስዎ ነዎት የጣሉኝ ማለት አቃተሽ?»

መሬት መሬት አየች። «ተነስቼ ስለተቀበልኩዎት ደስ ብሎዎት ነበር» አለች።

ይህ መልስ ከሁሉም ክርክር በላይ አንጀታቸውን በላው። ወዲያው ሳይደብቁ ነገሯት፤ ዛሬ የመጡት ዋስትናቸውን ሊያነሱ እንደነበረ። ልጅቱ ደነገጠች።

«አሁንስ?» አለች።

«አሁንማ ምን አነሳለሁ። ለካ ዋሴ አንቺ ነበርሽ።» ከዚያም የጆሮ ማዳመጫው ያስተኛውን ጸጉሯን በእጃቸው አስተካከሉላት። «ከእንግዲህ ስሳሳት በዚያ ድምፅሽ አርሚኝ። ቤትም ቢሆን።»

ልጅቱ አለፈች። ጋሽ ብድግ ደግሞ አዲስ ነገር ሲገባቸው ለብቻቸው የሚይዙ ሰው አይደሉም፤ አስተማሪ ናቸውና። ከማሰልጠኛው ሲወጡ ዘበኛው ብድግ ሲል ቁጭ በል አሉትና፣ መጀመሪያ ማን ነህ፣ ወዴት ነህ ብለህ ጠይቀኝ ብለው በር ላይ አስጠኑት። መድኃኒት ቤት ሄደው የተነገራቸውን አወሳሰድ መልሰው ቢያሰሙ፣ ከምግብ በኋላ የሚወሰደውን ክኒን ከምግብ በፊት ሲውጡት እንደኖሩ ታወቀ፤ ሆዳቸውን የሚያቃጥላቸው ሌላ በሽታ አልነበረም። ታክሲ ውስጥ ከፊት ሲቀመጡ ሹፌሩን ስለ ቤተሰቡ ደኅንነት መጠየቁን ሲወርዱ አደረጉት። በሰፈሩም ልጆች ሽማግሌ ሲሳሳት በትሕትና «ይድገሙልኝ» ማለት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ያኮረፈ ነበር፣ ኋላ ግን ብዙ መልእክት ሳይጣመም ደረሰ፣ ብዙ ጠብ ሳይጀመር ቀረ። ሰላምታም አልጠፋም። ጊዜውን ጠብቆ፣ ሙሉ ልብ ይዞ መጣ እንጂ።

ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ያሉት ሰዎች ግን ተቸገሩ። ጋሽ ብድግ ሰው ማስነሳትን ከተዉ ስማቸውን ምን እንበለው አሉ። መልሱን ያገኙት ልጅቱ ተመርቃ እውነተኛ ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ቀን ነው። ሽማግሌዎቹ ከሱቁ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሲጨዋወቱ አንድ አውሮፕላን ከፍ ብሎ በላያቸው አለፈ። ጋሽ ብድግ ነገራቸውን አቋርጠው ብድግ አሉ፣ ኮፍያቸውንም አወለቁ።

ጓደኞቻቸው መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ። ማንም የለም። ማን መጣ ብለው ጠየቋቸው።

«ሰው እያለፈ ነው» አሉ ጋሽ ብድግ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ወደ ላይ እያዩ። «እሷ አሁን መነሳት አትችልም። እኔ ልነሳላቸው።»